አዲስ የውሃ ጉዳት ሬስቶሬሽን ቴክኒሻን የሰርተፊኬት ትምህርቱን መቼ ይውሰድ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሥራ የገቡና ለመግባት የሚያስቡ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ መልሼዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሰርተፊኬቱ ምንድን ነው? የሚሰጠውስ ማን ነው?

ቧንቧ ሲፈነዳ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎማ ሲበጠስ ወይም ፍሳሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ቤት ሲያጥለቀልቅ የሚጠራ ሰው አለ። ውሃውን ይመጥጣል፣ የረጠበውን ያደርቃል፣ የማይድነውን ቆርጦ ያወጣል። እዚህ ያሉ ልጆች «ሬስቶሬሽን እሠራለሁ» የሚሉት ይህንን ነው። የሙያው መነሻ ሰርተፊኬት ደብሊው አር ቲ ይባላል። የሚሰጠው በ1972 የተመሠረተ አይ አይ ሲ አር ሲ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው።

ትምህርቱ 3 ቀን ይወስዳል፤ መጨረሻው ላይ ፈተና አለ። የሚያስተምሩት ድርጅቱ ያጸደቃቸው ትምህርት ቤቶችና አስተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ዋጋው እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ የፈተናው ክፍያም ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። ስትመዘገቡ ሁለቱን ደምራችሁ ጠይቁ። የትምህርቱ መሠረት ኤስ 500 የተባለው የሙያው ስታንዳርድ ነው። መጀመሪያ በ1994 ወጣ፤ አምስተኛው እትም ደግሞ በ2021።

ሰርተፊኬት ሳይኖረኝ ሥራ መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ውሃ ለማድረቅ ሥራ አብዛኞቹ ስቴቶች ከቴክኒሻኑ የመንግሥት ፈቃድ አይጠይቁም። ድርጅቶችም ብዙ ጊዜ ሰርተፊኬት የሌለውን ሰው በረዳትነት ቀጥረው ከአንድ ልምድ ካለው ሰው ጋር ያሠማሩታል። መንጃ ፈቃድ፣ ንጹሕ የወንጀል መዝገብ፣ ሌሊት ስልክ ለማንሣት ፈቃደኛ መሆን፤ በመጀመሪያው ቀን ከሰርተፊኬቱ በፊት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው።

ሻጋታ ግን ሌላ ነገር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኒው ዮርክ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ሻጋታ ለማስወገድ የራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ከደረቀ በኋላ ግድግዳውን መልሶ መሥራትም በብዙ ቦታ የኮንትራክተር ፈቃድ ይጠይቃል። ደብሊው አር ቲ ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ከምርመራ በኋላ «ሰርተፊኬት አለኝ እኮ» ማለት አያድንም።

ታዲያ መቼ ልማር?

የእኔ መልስ፦ ሥራ ከጀመራችሁ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ፣ ከሦስተኛው ወር በፊት። ቀን ከመቁጠር ግን ቤት መቁጠር ይሻላል። ቢያንስ ሦስት ቤቶችን ከመጀመሪያው ስልክ አንሥቶ መሣሪያው እስኪነሣ ድረስ ተከታተሉ። ውሃ ስትመጥጡ፣ የረጠበ ምንጣፍ ስትጎትቱ፣ ኤር ሙቨር (አየር በኃይል የሚነፋ ማራገቢያ) ስትደረድሩ፣ በየቀኑ እየተመለሳችሁ ልኬት ስትወስዱ፣ በመጨረሻም «ደርቋል» ተብሎ ሲፈረም እዩ። ከዚያ ክፍል ግቡ።

እኔ ራሴ የተላክሁት በተቀጠርኩ በአራተኛው ቀን ነበር። አስተማሪው ጎበዝ ነው፤ ደብተሬ ሞላ፤ ፈተናውንም አለፍኩ። ሰሌዳው ላይ «ቁሱ ውስጥ የታሰረ ውሃ» የሚል ነገር ተጽፎ ነበር፤ እኔም ገለበጥኩት። ትርጉሙ የገባኝ ግን ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ተንበርክኬ። ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ቀለሙ አልተላጠም፣ አልተነፋም። ቤዝቦርዱን (ግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈውን ጠባብ ጣውላ) አንሥቼ የሞይስቸር ሜትሩን፣ ማለትም የእርጥበት መለኪያውን፣ ሁለት መርፌዎች ከግርጌ ባለው እንጨት ላይ ስሰካ መሣሪያው ጮኸ። 28 በመቶ። ውሃ ያልነካው ክፍል ሄጄ ያንኑ ዓይነት እንጨት ስለካ 10 በመቶ ነው። ያን ጊዜ ነው «ማድረቂያ ግባችሁን ካልረጠበው ክፍል ውሰዱ» ያለው አስተማሪ ትዝ ያለኝ። እጄ መጀመሪያ አይቶት ቢሆን ኖሮ ክፍል ውስጥ አሥር ጥያቄ እጠይቅ ነበር።

ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሳምንት መሄድን የማልደግፈው። ሦስቱ ቀን በስም ያልቃል። ዲሂውሚዲፋየር (ከአየር ውስጥ እርጥበት የሚያወጣ ማሽን) አይታችሁ ካላወቃችሁ ስለ ዓይነቶቹ የሚወራው ሁሉ ጆሮ ላይ ያልፋል።

ማዘግየቱም መዘዝ አለው። ከስድስት ወር በላይ ያለ ትምህርት የሠራ ሰው አብሮት የሠራውን ሰው ልማድ ይወርሳል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም። «ሁልጊዜ ሦስት ቀን ነው የምናስቀምጠው» የሚል ሰው ካሠለጠናችሁ እናንተም ልኬቱን ትታችሁ ቀን ትቆጥራላችሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ሻጋታ እንዳይበቅል የረጠበው በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይድረቅ ይላል። ይህንን ሳያውቅ ቅዳሜ ማታ የተጠራበትን ቤት ለሰኞ የሚያስተላልፍ ሰው ምን እያበላሸ እንደሆነ አያውቅም።

ገና ሥራ እየፈለግኩ ነው። ልምድም የለኝም። ቀድሜ በራሴ ገንዘብ ብወስደው አይሻልም?

እዚህ ላይ መልሴ ይለወጣል። ሌላ የሚያሳዩት ነገር ለሌለው ሰው ሰርተፊኬቱ በር ያስከፍታል። ቀጣሪው ሦስት ቀን ተቀምጦ የተማረና ፈተና ያለፈን ሰው በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ታክሲ ወይም ፓርኪንግ እየሠራችሁ ወደዚህ መሻገር ካሰባችሁ ቀድሞ መውሰዱ ያዋጣል።

ግን መጀመሪያ አምስት ስድስት ድርጅት ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ለአዲስ ሠራተኛ ደብሊው አር ቲ ትከፍላላችሁ?» ብዙዎቹ ይከፍላሉ። የሚከፍል ካለ ገንዘባችሁን ለምን ታወጣላችሁ? ከከፈላችሁም ትምህርቱን ከሥራ ፍለጋው ጋር አጠጋጉት። ተምሮ ስምንት ወር የተቀመጠ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ውሃ ምድቦች ሲጠየቅ ይንተባተባል።

ሰርተፊኬቱን መጠበቅ የሌለበት ሥልጠና አለ?

አለ። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። ደብሊው አር ቲ ሦስት ወር ቢቆይ ችግር የለውም፤ የደህንነት ሥልጠና ግን ከመጀመሪያው ቤት በፊት ነው።

በሙያው ውሃ በሦስት ምድብ ይከፈላል። ምድብ 1 ከንጹሕ ምንጭ የመጣ ነው፤ ለምሳሌ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ። ምድብ 2 ከልብስ ማጠቢያ ወይም ከዕቃ ማጠቢያ ማሽን እንደሚወጣው በመጠኑ የቆሸሸ ነው። ምድብ 3 ፍሳሽ፣ የጎርፍ ውሃ፣ በሽታ የሚያመጣ ነው። ንጹሑም ቢሆን ሲቆይ ደረጃው ይወርዳል። ሁለተኛ ቀኑን የያዘ አዲስ ልጅ ፍሳሽ ወዳጥለቀለቀው ቤዝመንት በስኒከርና በቀጭን ጓንት ሲላክ አይቻለሁ። ልጁ እምቢ ማለት እንደሚችል እንኳ አያውቅም ነበር።

ሬስፒሬተር (የምትተነፍሱትን አየር የሚያጣራ ማስክ) የሚያስፈልግበት ሥራ ከሆነ የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት ተቋም ኦሻ ሕግ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የጤና ግምገማ፣ ከዚያ ማስኩ ፊታችሁ ላይ በትክክል መግጠሙን የሚያሳይ ሙከራ፣ ከዚያ ሥልጠና። ሙከራው በየዓመቱ ይደገማል። ማስኩ ፊት ላይ በሚያርፍበት ቦታ ጢም መኖር የለበትም። ይህ ለእኛ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ሐዘን ላይ ጢሙን ያሳደገ ወንድም «ተላጭ» ሲባል ይከብደዋል። ለአለቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ፊት ላይ መጣበቅ የማያስፈልገው፣ በባትሪ አየር እየነፋ ጭንቅላትን የሚሸፍን ዓይነት አለ፤ ካልሆነም ለዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ መመደብ ይቻላል።

የቤቱን ዕድሜ መጠየቅንም ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ቀለሙን የሚነካ ሥራ የራሱ ሕግና የ8 ሰዓት ሥልጠና አለው። በ1980 እና ከዚያ በፊት በተሠራ ሕንፃ ደግሞ የወለል ንጣፉና የቧንቧ ሽፋኑ አስቤስቶስ እንዳለበት ታስቦ ነው የሚጀመረው። አዲስ ሰው «ይህን ግድግዳ ቁረጥ» ሲባል መጋዙን ከማንሣቱ በፊት «ተመርምሯል?» ብሎ ይጠይቅ። ውሃ ውስጥ የቆመ ኤሌክትሪክን የምታውቁት ይመስለኛል፤ መጥፋቱ ሳይረጋገጥ አይገባም።

ከዓመቱ ውስጥ የትኛው ወር ይሻላል?

ሥራው ቀዝቀዝ የሚልበት። በዋሽንግተን አካባቢ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ቅዝቃዜው ቧንቧ ያፈነዳል፤ በበጋው ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲወርድ ቤዝመንቶች ይሞላሉ። ስለዚህ ኤፕሪልና ሜይ፣ ወይም ኦክቶበር ይመቻሉ። ፍሎሪዳና ሉዊዚያና ላሉ ደግሞ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ከዚያ በፊት መጨረስ አለባችሁ። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ባልለመደችው ብርድ ስትመታ ቧንቧው በየቤቱ ፈነዳ። እንዲህ ባለ ሳምንት ክፍል የሚያስገባችሁ አሠሪ የለም፤ ክፍል ብትገቡም ስልኩ ያስወጣችኋል።

የክፍሉን ቀን ስትመርጡ የእኛንም በዓላት ተመልከቱ። የስቅለት ዕለት ከስግደት ቀርቶ ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው ልቡ እዚያ አይሆንም። ረመዳንም ከሆነ ቀድማችሁ አስቡበት። ከፈለጋችሁት ሳምንት ቀደም ብሎ መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በኦንላይን ልውሰደው ወይስ ክፍል ገብቼ?

ቤት ሆኖ በቀጥታ ሥርጭት መከታተል ይቻላል፤ ሰርተፊኬቱም ያው ነው። ልጅ ያላት እናት ወይም ትምህርት ቤቱ ሦስት ሰዓት መንዳት የሚርቅበት ሰው በኦንላይን ይውሰድ።

ምርጫ ካላችሁ ግን ክፍል ግቡ፤ በተለይ ሥራ ላይ ብዙ ካልቆያችሁ። መሣሪያውን ትነካላችሁ፣ በምሳ ሰዓት ከሌላ ድርጅት የመጡ ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ ትሰማላችሁ። ሥራ የቀየሩ ብዙ ልጆች አዲሱን አለቃቸውን ያገኙት እዚያው ቡና ሲቀዱ ነው። በኦንላይን የምትወስዱ ከሆነ በዚያ ቀን ጥሪ ላይ እንዳትሆኑ ከአለቃችሁ ጋር ተነጋገሩ። በአንድ ጆሮ ትምህርት፣ በአንድ ጆሮ ደንበኛ አይሆንም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። እስኪሻሻል ልጠብቅ?

አትጠብቁ። በአማርኛ የሚሰጥ ክፍል እስካሁን አላየሁም፤ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የምታገኙት። ግን እዚህ የሚከብደው እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም። እዚሁ ተወልደው ያደጉትም የሚያላብሳቸው አንድ ክፍል አለ፤ የአየርና የእርጥበት ሳይንስ። እሱን በአማርኛ ቀድማችሁ ከተረዳችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

እንዲህ አስቡት። በአየር ውስጥ ያለው ውሃ በግሬይን ይለካል፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው። ሙቀቱ 70 ፋራናይት፣ እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ ክፍል ውስጥ በእያንዳንዱ ፓውንድ አየር ወደ 55 ግሬይን ውሃ አለ። ያንኑ አየር እስከ 90 ብታሞቁት መለኪያው እርጥበቱን 26 በመቶ አካባቢ ያሳያችኋል። ደረቀ ማለት ነው? አይደለም። ውሃው ያው 55 ግሬይን ነው፤ አንዲት ጠብታ ከቤቱ አልወጣችም። የተለወጠው ዕቃው ነው። ጣሳ የሞላ ውሃ ባልዲ ውስጥ ስትገለብጡት ታች ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያል አይደል? የሞቀ አየር ባልዲው ነው። ስለዚህ ዲሂውሚዲፋየራችሁ እየሠራ መሆኑን የሚነግራችሁ በመቶኛው ሳይሆን ግሬይኑ ነው። ወደ ማሽኑ የሚገባውን አየርና ከማሽኑ የሚወጣውን ለክታችሁ ልዩነቱን ታያላችሁ።

ለቃላቱ ደግሞ ከክፍሉ በፊት ሦስት ሳምንት ስጡ። በሥራ ላይ የሰማችሁትን እያንዳንዱን ቃል ስልካችሁ ላይ በፊደላችን ጻፉ፤ ጎኑ ላይ ፎቶውን አድርጉ። ሦስት ቤት ይታይ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቃሉን የምታውቁት ከዕቃው ጋር ከሆነ አስተማሪው ቢፈጥንም አይጠፋችሁም። ለአስተማሪው በመጀመሪያው ጠዋት «እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው» በሉት። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ አብዛኞቹ ቀስ ይላሉ።

የትምህርቱ ሦስት ቀን ደመወዝ ይከፈልበታል?

አሠሪያችሁ «ሂድ» ብሎ ከላካችሁ አዎ። የፌዴራሉ የሠራተኛ ሕግ የሥልጠና ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት እንዳይቆጠር አራት ነገሮች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው ይላል፦ ከሥራ ሰዓት ውጪ መሆን፣ በፈቃደኝነት መሆን፣ ከሥራው ጋር በቀጥታ አለመያያዝ፣ በዚያ ሰዓትም ሌላ ሥራ አለመሠራት። ደብሊው አር ቲ ከሥራችሁ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። አሠሪው ካዘዘው ደግሞ በፈቃደኝነት አይደለም። እንግዲህ ሰዓቱ ይከፈላል፤ ሳምንቱ ከ40 ሰዓት ካለፈም ኦቨርታይም ይታሰባል።

በራሳችሁ ተነሣሥታችሁ፣ በዕረፍት ቀናችሁ፣ ማንም ሳያዛችሁ ከሄዳችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ማን እንደጠየቀ በቴክስት ይጻፍ። አንዲት አጭር መልእክት ትበቃለች።

ድርጅቱ ይከፍልና «ከዓመት በፊት ከለቀቅክ ትመልሳለህ» የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ልፈርም?

ሳታነቡ አትፈርሙ። ስንት ብር ነው? ለስንት ወር? ቢያባርሯችሁስ ይጠየቃል? በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉውን ነው? የሦስት ቀን ክፍል ዋጋን ለአንድ ዓመት፣ በየወሩ እየቀነሰ የሚያስከፍል ውል አግባብ ያለው ይመስለኛል። ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ወይም ስትባረሩም የሚያስከፍል ከሆነ ግን ተመለሱ። ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ጥርጣሬ ካላችሁ የስቴቱን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ጠይቁ።

ፈተናውን ብወድቅስ?

ከፍላችሁ ትደግሙታላችሁ፤ በዚህ የሚባረር ሰው አላየሁም። የሚወድቁት ብዙዎቹ በአየርና እርጥበቱ ጥያቄዎች ነው። ከላይ ያለውን የጣሳና ባልዲ ነገር በቁጥር ደጋግማችሁ ሥሩ። ለመድገም ደግሞ ሁለት ወር አትቆዩ፤ ትምህርቱ ሳይበርድ ተቀመጡ።

ደብሊው አር ቲና ኤ ኤስ ዲን በአንድ ሳምንት አጣምሬ ልውሰድ?

ኤ ኤስ ዲ የሕንፃ ማድረቅ ትምህርት ነው። ብቻውን 3 ቀን ነው፤ ለመግባትም ደብሊው አር ቲ ያስፈልጋል። ሆን ተብሎ በውሃ የተጥለቀለቀ የማሠልጠኛ ቤት ውስጥ ትገባላችሁ፤ ታደርቁታላችሁ፤ በየቀኑ ትለካላችሁ። ከወሰድኳቸው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ሁለቱን አጣምረው በተለምዶ በ5 ቀን የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ለአዲስ ሰው ጥምሩን አልመክርም። ሦስተኛው ቀን ላይ ጭንቅላቱ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለድካም ነው። ደብሊው አር ቲን ወስዳችሁ ስድስት ወር ሥሩ፤ የራሳችሁን ጥያቄዎች ይዛችሁ ለኤ ኤስ ዲ ተመለሱ። አንድ ዓመት የሠራ ግን ያልተማረ ሰው ወይም ትምህርት ቤቱ ሆቴል የሚያስከፍል ርቀት ላይ ያለበት ሰው ይለያል። ለእነሱ 5 ቀኑ ትርፍ አለው።

የሻጋታውንስ መቼ?

ኤ ኤም አር ቲ ይባላል፤ 4 ቀን ነው፤ እሱም ደብሊው አር ቲን ይጠይቃል። ለማድረቅ እንኳ ሳትበቁ አትቸኩሉ፤ አንድ ዓመት ገደማ ጥሩ ነው። ዲሲ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ግን ድርጅታችሁ የሻጋታ ፈቃዱን ለማን እንዳወጣ ጠይቁ። ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እሱ ሊለቅ ከሆነ የእናንተ ተራ ከታሰበው ቀድሞ ይመጣል።

ሰርተፊኬቱ ጊዜው ያልፋል?

በየዓመቱ የእድሳት ክፍያ አለው፤ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 14 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠየቃል። ኤ ኤስ ዲ ወይም ኤ ኤም አር ቲ ስትወስዱ ለዚያ ይቆጠርላችኋል። ክፍያውን ድርጅቱ እየከፈለላችሁ ከነበረ ስትለቁ አድራሻችሁን ቀይሩ፤ ማስታወሻው ወደ ድሮ አለቃችሁ ኢሜይል ሄዶ የቀረባቸው ሰዎች አሉ።

የራሴ ትንሽ ድርጅት አለኝ። ሦስት አዲስ ልጆች ቀጥሬአለሁ። ሁሉንም በአንዴ ልላክ?

አይላኩ። በአንድ ሳምንት ሦስቱም ክፍል ከገቡ ማታ የሚደወለውን ማን ያነሣል? ሌላም ምክንያት አለው። ሦስቱም እኩል ዝግጁ አይሆኑም። አንዱ በአምስተኛው ሳምንት ሜትሩን እየወሰደ በራሱ ይለካል፤ ሌላው በአሥረኛው ሳምንት ገና ጎማ ይጠቀልላል። መጀመሪያ የሚጠይቀውን ላኩ። ሲመለስ ለሁለቱ ያስረዳ፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ምድቦቹን ያስተምራቸው። ያስረዳ ሰው አይረሳውም፤ የሰሙትም ክፍል ሲገቡ እንግዳ አይሆኑም።

ድርጅትዎ በአይ አይ ሲ አር ሲ የተመዘገበ እንዲባል ከፈለጉ ቢያንስ አንድ ሰርተፊኬት ያለው ቴክኒሻንና ኢንሹራንስ ያስፈልግዎታል። ያ አንድ ሰው እርስዎ ይሁኑ። ሠራተኛው ሲለቅ ምዝገባው አብሮት ይወጣል። ብዙ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሥራ ሲሰጡም ይህን ይጠይቃሉ። እርስዎ ራስዎ ሳይማሩ ልጆቹን ብቻ መላክ ሌላም ጣጣ አለው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ እሱ ነው።

ተምሬ ተመለስኩ። የቡድኑ መሪ ግን ያስተማሩኝን አይሠራም። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ በብዛትም የሚደርሰኝ እሱ ነው። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ይመስላል። ሦስተኛው ቀን ላይ መሪው መጥቶ «መሣሪያውን ጫኑ፣ ለሌላ ቤት ይፈለጋል» ይላል። እናንተ ለክታችኋል፤ ከመስኮቱ በታች ያለው እንጨት ገና 19 ነው፤ ግባችሁ ደግሞ 11 ነበር። እሱ ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ እናንተ ሦስት ቀን ተምራችኋል።

በሰው ፊት «ክፍል ውስጥ እንዲህ አይደለም የተባለው» አትበሉ። ትልቅን ሰው በደንበኛ ፊት ማሳፈር ሥራውንም ግንኙነቱንም ያበላሻል፤ በእኛም በእነሱም ነውር ነው። ወደ መኪናው ጎን ይዛችሁት ሂዱና ሜትሩን አሳዩት። «ጋሼ፣ ይህቺን ነጥብ እዩልኝ፤ 19 ላይ ናት፤ አንድ ኤር ሙቨርና አንድ ዲሂውሚዲፋየር ብንተው ምን ይመስልዎታል?» አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ልምድ ያለው ሰው ቁጥር ሲያይ ይገባዋል፤ የሚያናድደው መታረሙ ነው።

እምቢ ካለ ልኬቱን ጻፉ፤ ሜትሩ እንጨቱ ላይ ተሰክቶ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ አንሡ፤ ሰዓቱ ይታይ፤ በሥራው መዝገብ ውስጥ አስገቡት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለቤትየዋ «ሽታ አለ» ብላ ስትደውል አድጃስተሩም (ጉዳቱን የሚገምተው የኢንሹራንስ ሰው) ሱፐርቫይዘሩም መጀመሪያ የሚከፍቱት ያንን መዝገብ ነው።